ከላይ የታየው መስክ

«ቆይ እስቲ፤ ትንሽ ወደ ኋላ መልሺልኝ» አሉ ጋሼ ሰንበታ፣ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆሙ።

ሪሞቱን የያዘችው ልጃቸው ሌንሳ መለሰችላቸው። ካሜራው እንደገና ከውሃው ዳር ተነሣና በአረንጓዴው መስክ ላይ ቀስ እያለ መንሳፈፍ ጀመረ። ከምስሉ ግርጌ «ዘርፉ እና ኦሊቃ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ያበራል፤ ከግራና ከቀኝ ቀያይ ልቦች ይፈነዳሉ። ሳሎኑ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ሶፋ ያልደረሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። የሰርግ ቪዲዮ ሲደርስ ዘመድ ተጠራርቶ ማየት ያለ ነው። ማን እንዴት እንደጨፈረ፣ ማን ስንቴ ሳህን ይዞ እንደተነሣ የሚታወቀው ያኔ ነውና የሚቀር የለም።

ሉሊት ከሌንሳ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። የሌንሳን እህት የዘርፉን ሰርግ የቀረጸው የሉሊት ወንድም ያቤጽ ስለሆነ፣ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ጋሼ ሰንበታ «ቆይ እስቲ» ሲሉ የያዘችውን ድፎ ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«እዚህ ጋ አቁሚው። ይሄ ምንድን ነው?»

ምስሉ ቆመ። መስኩ መሃል ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ ጥልቅ ናቸው፣ ውስጣቸው ነጭ አሸዋ ነው።

«አሸዋ ነዋ» አለ የሌንሳ አጎት ከኋላ። «አሸዋ እያወጡበት ነው።»

«ከማን መስክ?»

«ከእኛው ነዋ ጋሼ። ሐይቁ እኮ ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ያገኝ ጀመር። አንዷ አክስት «ግራሮቹስ የታሉ?» ስትል ሌላዋ «ቆርጠው አክስለዋቸዋላ» አለቻት። አንዱ ሣሩ ላይ አንድም ከብት እንደሌለ አስተዋለ። አጎትየው ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋና ሣሩ መሃል የቆመች ትንሽ ቀይ ባንዲራ በጣቱ ነካ። «ይኸውላችሁ፣ ልኬት ነው። መጀመሪያ ባንዲራ ይተክላሉ፣ ከዚያ ሲኖትራክ ይገባል። ዓለም ጤና ያለው የአማቼ መሬት ላይም የተጀመረው እንደዚሁ ነው።» ውሃው ለዝዋይ ሐይቅ ትንሽ በዛ ያለ ሰማያዊ መሆኑን ያነሣች አንዲት ሴትም ነበረች። «ከላይ ሲታይ ነዋ» ሲሏት ተወችው።

ጋሼ ሰንበታ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ጫምሳ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አደራ የሰጠሁት ጫምሳ እኔን እንዲህ ያደርገኛል?»

ሉሊት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባንዲራዋን ታውቃታለች፤ ጉድጓዶቹንም ታውቃቸዋለች። ያ መስክ ያለው ሐይቁ ዳር፣ አዳሚ ቱሉ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አይደለም። ስሙን በትክክል መጥራት በማትችለው ሩቅ አገር፣ ውቅያኖስ ዳር የተሠራ የጎልፍ ሜዳ ነው። የመጫወቻውን እያንዳንዱን ክፍል «ጉድጓድ» ይሉታል፤ ይሄኛው ደግሞ ሰባተኛው ነው።

* * *

ሉሊት አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት ስትሆን ከበር መስኮት ትመላለሳለች። እናቷ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይሏታል። አሥረኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። አዳማ ጠበበቻት። አቧራው፣ ባጃጁ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ንፋስ፣ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ የሆነ ቦታ ለመሄድ የሚጣደፉ ይመስላታል፤ እሷ ብቻ መሄጃዋን አታውቅም።

አንድ ቀን በያቤጽ ስልክ የድሮን አበራረር ትምህርት እያየች ሳለ፣ ስልኩ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የጎልፍ ሜዳ ከላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ደቀነባት። ልትዘልለው ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ሰው የለበትም፣ ወሬ የለበትም። ድሮኑ ከመነሻው ይነሣል፤ ጉብታውን ያልፋል፤ የአሸዋ ጉድጓዶቹን በግራ ትቶ ይታጠፋል፤ በመጨረሻ ሣሩ አጥሮ የተላጨበት ቦታ፣ ባንዲራዋ ዘንድ ደርሶ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ጨዋታው ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ባንዲራው ሥር ያለች ቀዳዳ ውስጥ መክተት መሆኑን ኋላ ደረሰችበት። እንዲህ በባሕር ጠረፍ፣ ዛፍ በሌለው አሸዋማ መሬት ላይ ያለው «ሊንክስ» እንደሚባልም አነበበች። እሷ ግን ጨዋታው አልነበረም የያዛት። ድሮኑ ከመነሻው ጀምሮ የት እንደሚደርስ ማወቁ ነበር የሚያስቀናት።

በየቀኑ ታያለች። ለሌንሳ እንኳ አላሳየቻትም። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ድራማና ዳንስ ሲያይ «እኔ ሣር አያለሁ» ማለት ሼም ነው። የሚያውቀው ያቤጽ ብቻ ነበር፤ እሱም ይስቅባታል።

ከዚያ ጥር መጣ፣ የዘርፉ ሰርግ ደረሰ። ጋሼ ሰንበታ ከከተማው ቪዲዮ ቀራጭ ሁሉ ያቤጽን የመረጡት ለድሮኑ ሲሉ ነበር። ተወልደው ያደጉት አዳሚ ቱሉ፣ ሐይቁ ዳር ነው፤ ሰርጉንም እዚያው ባባታቸው ግቢ ደገሱት። ከግቢው በታች፣ ከደንገሉ ወዲያ፣ ከግቢው የማይታይ የአባታቸው መስክ አለ። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ከወረድኩ ዘመን አለፈኝ። ያባቴን መስክ ከላይ እንኳ ልየው» ብለው ነበር ለያቤጽ።

መስኩን የሚጠብቁላቸው ኦቦ ጫምሳ ናቸው፤ አብሮ አደጋቸው። የጋሼ ሰንበታ አባት ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ጠርተው «አሸዋውን አታስነኩ» ብለዋቸዋል። የጎረቤት መስክ አሸዋው ተዝቆ አልቆ ውሃ ገብቶበት በዓይናቸው አይተዋልና። ሰንበታ ለአስተማሪነት ወደ አዳማ ሲሄዱ መስኩን ለጫምሳ በአደራ ሰጡ። ኦቦ ጫምሳ ከብቶቻቸውን ያሰማሩበታል፤ መስኩን ከአካፋ ይጠብቃሉ። ወረቀት የላቸውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው።

በሰርጉ ዕለት ያቤጽ የድሮን ማብረሪያ ፈቃዱን ጨርሶ፣ ድሮኑን በእልልታ አስነሣው። ሕፃናቱ እየጮሁ እስከ ግቢው በር ተከተሉት። ከሐይቁ የሚነሣውን የከሰዓት ንፋስ ግን ልብ ያለው አልነበረም። ድሮኑ ደንገሉን አልፎ ሐይቁ ዳር እንደደረሰ ተንገዳገደ፣ አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ ገባ። ድግሱ ጨፈራ ላይ ስለነበር ያዩት ያቤጽና መብራት የያዘችለት ሉሊት ብቻ ናቸው። ያቤጽ ውሃው ዳር ቆሞ አለቀሰ። ወንድሟ ሲያለቅስ ያየችው አባታቸው በሞቱ ጊዜና ያን ቀን ነው። ሲመለሱ ለጠየቃቸው ሁሉ «ባትሪ ጨረሰ፤ ግን አሪፍ አርጎ ቀርጾልናል» አለ። ሉሊትም ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ቪዲዮው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ያቤጽ ስቱዲዮው ውስጥ ወደ እሷ የዞረው። «ያቺን ሣርሽን እስቲ አምጪያት» አላት። እሷም አመጣችለት፤ ዝም ብላ ሳይሆን መርጣ። ውሃው እንደ ሐይቁ በግራ በኩል የሚውለው ሰባተኛው ነው ብላ፣ ሕንፃ የሚታይበትን ቦታ ቁረጠው ብላ። ያቤጽ ማዕዘኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቆርጦ ጣለ፤ ልቦቹን አፈነዳ፤ ስም ጻፈበት። ሁለቱም ሳቁ። ከላይ አይቶት የሚያውቅ ማን አለ?

* * *

ቪዲዮው በታየ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሰንበታ ለኦቦ ጫምሳ ደወሉ። ሌንሳ አጠገባቸው ነበረች። በዕረፍት ሰዓት ለሉሊት የነገረቻት በትምህርት ቤቱ ግቢ ግንብ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነው።

«ኦቦ ጫምሳ መጀመሪያ ሳቁ» አለች። «አባዬ የሚቀልድ መሰላቸው። አባዬ ግን ሰደባቸው። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ሉሊ። 'በዓይኔ አይቼ' ይላል፣ 'በዓይኔ አይቼ' ይላል። ከዚያ እሳቸው ዘጉት።»

«ምናልባት...» አለች ሉሊት።

«ምናልባት ምን?»

«ምናልባት ሌላ ሰው አይቶ ይንገራቸው። እዚያ ዘመድ የላችሁም?»

«እዚያ ያለው ሁሉ የጫምሳ ወዳጅ ነው ይላል፤ ማንንም አያምንም።» ሌንሳ በስካርፏ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔን እኮ ዋና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክረምት ክረምት እዚያ ስንሄድ ወገቤን ይዘው። እንዴት ነው እሳቸው እንዲህ የሚያደርጉት?»

ሉሊት እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። እጇ ከበዳት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። አሁን ንገሪያት፣ አሁን፣ ትላለች በልቧ። ደወሉ ተደወለና ገቡ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባጃጅ አልያዘችም። በፖስታ ቤት ዞራ፣ ገበያውን አቋርጣ፣ መሄድ የሌለባትን መንገድ ሁሉ ሄዳ ፍራንኮ ሰፈር ወዳለው የያቤጽ ስቱዲዮ ደረሰች። ያቤጽ የሌላ ሰው ሰርግ እየቆረጠ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሙሽራ ኬክ ልትጎርስ አፏን እንደከፈተች ቆማለች።

«ንገራቸው» አለችው ሳትቀመጥ።

«ምን ብዬ?»

«ድሮኑ ወደቀብኝ ብለህ። ያያችሁት የሰው አገር ሣር ነው ብለህ።»

እሁድ የሆነውን ለያቤጽ ያኔውኑ ነግራዋለች፤ ሌሊቱንም እንዳልተኛ ዓይኑ ያስታውቃል። «ሉሊት፣ ይቺ ከተማ ትንሽ ናት» አላት። «ጠዋት ፍራንኮ የተወራ ከምሳ በፊት ከተማውን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ሰርጉን የሚሰጠኝ ማነው?»

«ኦቦ ጫምሳስ?»

«ሰው ሄዶ ያየዋል። ጉድጓድ የለም፣ አለቀ። ተይው፣ ላሽ በይው።»

«ሄዶ ያየውን ማን ያምናል? ጋሼ ሰንበታ መውረድ አይችሉም። እሳቸው የሚያምኑት ያንተን ቪዲዮ ነው።»

ያቤጽ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «እኔ እኮ ሌላ ጊዜ ተመልሼ እቀርጸዋለሁ ብዬ ነበር። ድሮን ተከራይቼ፣ ለማንም ሳልናገር ሄጄ፣ በትክክለኛው እተካዋለሁ ብዬ። ሰው የሰርግ ቪዲዮ የሚያየው ራሱን ለማየት ነው። ሣር ይመረምራል ብዬ መች አሰብኩ?»

እውነቱን ነው፤ ሉሊት ታውቃለች። ለዚህ ነው የበለጠ የጨነቃት። ያቤጽ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ቤቱ የቆመው በዚህ ሰው ጀርባ ነው፤ እናታቸው መድኃኒት የሚገዙት፣ እሷ የምትማረው በእነዚህ ኬክ በሚጎርሱ ሙሽሮች ነው።

«ደግሞ» አለ ያቤጽ፣ ወደ ስክሪኑ እየዞረ፣ «መርጠሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ብትናገሪ የምንዋረደው አብረን ነው።»

* * *

ሳምንቱ አልሄድ አለ። ሉሊት የሒሳብ ፈተና ላይ ስሟን ጽፋ ቁጭ አለች። ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች፤ እናቷ ትኩሳት ይኖራት እንደሆን ግንባሯን ይዳስሳሉ። ማታ ማታ ትረጋጋ እንደሆን ብላ የጎልፍ ሜዳዎቿን ከፈተች፤ ግን ገና ድሮኑ ሲነሣ ዓይኗ አሸዋውን ይፈልጋል። እያንዳንዱ የአሸዋ ጉድጓድ ኦቦ ጫምሳ የቆፈሩት መስሎ ይታያታል። ስልኩን ዘግታ ትነሣለች፤ ትቀመጣለች፤ እንደገና ትነሣለች።

ይባስ ብሎ ሐሙስ ዕለት ሌንሳ መልእክት ይዛ መጣች። «አባዬ ወንድምሽን እያመሰገነው ነው» አለቻት። «'ያ ልጅ ባይቀርጽልኝ ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር' ይላል። ጠርቶ ሊመርቀው ይፈልጋል።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች ሉሊት። አልነገረችውም።

አርብ ሌንሳ ቀኑን ሙሉ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ዋለች። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ነው የነገረቻት። ኦቦ ጫምሳ ከብቶቻቸውን በሙሉ ከመስኩ አስወጥተዋል። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጥተው፣ አደራውን አስረክበው ይመለሳሉ።

«ከብቶቹን የት አደረጓቸው?» አለች ሉሊት።

«ግማሹን ሸጠዋል አሉ። በዚህ በበጋ ሌላ ግጦሽ ከየት ያመጣሉ?» ሌንሳ ድንጋይ በጫማዋ ጫፍ መታች። «ባያደርጉት እኮ ይቆጡ ነበር። ያልሠራ ሰው ይቆጣል ይላል አጎቴ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ከብታቸውን አወጡ። ነገ ትመጪልኛለሽ? ብቻዬን ማየት አልችልም።»

«እመጣለሁ» አለች ሉሊት። ይህንን ያለችው ሳታስበው ነው።

* * *

ቅዳሜ ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ተነሥቷል። ሉሊት ከቤት ስትወጣ ገና ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም ነበር። እግሯ ግን በስቱዲዮው በኩል ወሰዳት። ያቤጽ ደረጃው ላይ ቆሞ የመስታወት በሩን አቧራ እየጠረገ ነበር፤ ሲያያት ጨርቁን አወረደ።

«ወዴት ነሽ?»

«ሌንሳ ቤት። ኦቦ ጫምሳ መጥተዋል።»

ያቤጽ አቧራውን ትቶ መንገዱን አየ። አንድ ባጃጅ ቀስ ብላ ሉሊት ተሳፋሪ ትሆን እንደሆን ጠበቀቻትና ሄደች።

«የእኔን ስም ሳታነሺ አይሆንም?» አላት፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ሉሊት አይሆንም ማለት አቃታት፤ ይሆናል ማለትም አቃታት። መንገዷን ቀጠለች። ይጠራኛል ብላ እስከ ማዞሪያው ድረስ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ነበር፤ አልጠራትም።

ሳሎኑ እንደ እሁዱ አልሞላም። ጋሼ ሰንበታ ከሶፋው ጫፍ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠዋል። ኦቦ ጫምሳ ፊት ለፊታቸው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ገብተዋል። የቀረበው ለስላሳ አልተነካም። ሌንሳ በሩ አጠገብ ለሉሊት ቦታ ሰጠቻትና እጇን ያዘቻት።

«ሰንበታ» አሉ ኦቦ ጫምሳ። «እነዚህን ሰዎች ይዤ መስኩን ከዳር እዳር ረግጬዋለሁ። አንድ ጉድጓድ የለበትም። ግራሩም እንደቆመ ነው። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ደፍነኸዋላ» አሉ ጋሼ ሰንበታ ሳይዞሩ። «ሰኞ ነግሬሃለሁ። እስከ ዛሬ ስንት ሲኖትራክ ይመላለሳል?»

«ግራሩንስ? ግራሩንም በሳምንት አበቀልኩት?»

«እሱን አላውቅም። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ታየ የተባለውን እኛም እንየው» አሉ።

ሌንሳ ተነሥታ ከፈተችው። ካሜራው ከውሃው ተነሣ፣ በመስኩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ልቦቹ ፈነዱ፣ ጉድጓዶቹ መጡ፣ ባንዲራዋ መጣች። ኦቦ ጫምሳ አንገታቸውን አስግገው እስኪያልቅ አዩት። «ይሄ የእኛ መስክ አይደለም» ለማለት አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ ግን የሙሽሮቹን ስም አዩት፣ የሚያለቅስ የሚመስለውን የጓደኛቸውን ጀርባ አዩት፣ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ያመንከኝ ሳታይ ነበር» አሉ። «አሁን አይቻለሁ ካልክ እኔ ምን እጨምራለሁ። ከብቴን አውጥቻለሁ። ለመስክህ ሰው ፈልግለት።»

ባርኔጣቸውን አንሥተው ቆሙ። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ሊነሡ ሆነ። ጋሼ ሰንበታ አሁንም አልዞሩም።

«ኦቦ ጫምሳ» አለች ሉሊት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንዴ ይቀመጡልኝ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሌንሳ «ምን ሆንሽ?» ብላ ክንዷን ጎተተቻት። ሉሊት ስልኳን አውጥታ ነበር። ኔትወርኩ ያን ቀን ይብሱን ታመመ፤ ስክሪኑ ላይ ክቧ እየዞረች፣ እየዞረች ቀረች። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚጠብቁ ሳያውቁ ጠበቁ። ኦቦ ጫምሳ አልተቀመጡም፤ ግን አልሄዱም።

ተከፈተ። ሉሊት ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ከቆመው ምስል አጠገብ ያዘችው። ያው ውሃ፣ ያው ጉብታ፣ ያው ጉድጓዶች፣ ያቺው ባንዲራ፤ ልብ ብቻ የለበትም። ማዕዘኑ ላይ ሰባት ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ ስምንተኛው መጣ፣ ከዚያ ዘጠነኛው፤ ሁሉም የየራሱ ባንዲራ አለው።

«ይሄ የጎልፍ ሜዳ ነው» አለች። «ውጭ አገር ነው። ጉድጓዶቹን ማንም አሸዋ አልወሰደባቸውም፤ ኳሱን እንዲያስቸግሩ ሆን ብለው የሚሠሯቸው ናቸው።»

«ሆን ብለው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ደህናውን ሣር?»

«አዎ አባባ።» ሉሊት ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። «የሰርጉ ቀን የያቤጽ ድሮን ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። የመስኩ ምስል የለንም፤ አልነበረንም። በእሱ ፈንታ ይሄን አስገባን። ፈልጌ፣ መርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሰንበታ ቀስ ብለው ከመስኮቱ ዞሩ። ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ስልኩን። ወደ ኦቦ ጫምሳ ግን ማየት አልቻሉም። ከዘራቸው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ሲወድቅ ኦቦ ጫምሳ ጎንበስ ብለው አንሥተው ሶፋው ላይ አስደገፉላቸው። ይህን ያደረጉት ከልማድ ይመስላል።

«ጉድጓዶቹ ከዚህ መምጣታቸው የገባሽ ዛሬ ነው፣ አይደል ልጄ?» አሉ ጋሼ ሰንበታ። ድምፃቸው ይለምናል። «ዛሬ ጠዋት አይተሽ ሮጠሽ መጣሽ።»

«ዛሬ ነዋ» አለች ሌንሳ፣ ሉሊትን ትከሻዋን አቅፋ። «ብታውቅማ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ዛሬ ነው አይደል ሉሊ?»

አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። ሌንሳ ፊቷ ላይ ለሳምንት ያልታየ ተስፋ አለ። አንድ «አዎ» ብትል ሉሊት እውነቱን ይዛ የሮጠችው ልጅ ትሆናለች፤ ሰኞ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ኦቦ ጫምሳ ግን ምንም አልጠየቋትም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያዩዋት ነበር፤ የተሸጡት ከብቶች የማን እንደነበሩ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«አይደለም» አለች ሉሊት። «እሁድ ዕለት ነው። እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ እናንተ ጉድጓዱን ስታዩ እኔ አውቀው ነበር። ሰኞም፣ ያ ግንብ ሥር ስታለቅሺ፣ አውቀው ነበር።»

የሌንሳ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። ሉሊት ዞር ብላ አላየቻትም፤ ብታያት የቀረውን መናገር እንደማትችል ታውቃለች። ወደ ኦቦ ጫምሳ ቀና ብላ፣ ድሮኑ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ትነግራቸው ጀመር።